የድንኳኑ ሸራ
ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ላይ እህል ነጋዴዋ እትዬ ካሰች ከጎናቸው የተቀመጠውን እንግዳ ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል። ጫማው አዲስ ነው፤ ተረከዙ ግን ተልጦ ካልሲው ላይ ደም ደርቋል። ጤዛ ያራሰው የድንኳን ሸራ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የተጣበቀበትን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል።

«ጮቄ ወጥተህ ነው ልጄ?»

«አዎ እትዬ፣ ተራራ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሸክም ስንካፈል እኔ ሸራውን ያዝኩ፣ ጓደኞቼ ምሰሶውን። እግሬ ሲዝል ‹ቀስ ብለህ ድረስ፣ ከላይ እንጠብቅሃለን› አሉኝ።»

«ጠበቁህ?»

«በወዲያ በኩል ወርደው ቢቸና ሆቴል አደሩ። እኔ በሸራው ተጠቅልዬ አደርኩ።»

እትዬ ካሰች ከንፈራቸውን መጠጡ። «ታዲያ ይህን እርጥብ ጨርቅ ምን አሸከመህ? አትጥለውም?»

ሸራውን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«የእነሱ ነው እትዬ። አደራ ብለውኛል።»