«ከመጠጥ ጋር አይሆንም» ያልኩ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዶክተሯ ደወለችልኝ። «የዘውዴ የደም ውጤት መጣ... ቫይረሱ እንደገና ጨምሯል። ሄደሽ እያት» አለችኝ።

ሥራዬ እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ኩፓት ሆሊም በሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ ውስጥ ለሐበሻ ሕመምተኞች ከዕብራይስጥ መተርጎም ነው። እትዬ ዘውዴ (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ጻፊው ያሉኝም እሳቸው ናቸው) ባሕር ዳርቻው ላይ ባሉ ሆቴሎች ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ኤች አይ ቪ በደማቸው እንዳለ ወታደር ልጃቸው እንኳ አታውቅም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ መጠጥ ይዟቸዋል።

ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር፣ ቤታቸው ደርሼ አንኳኳሁ። በሩን ሲከፍቱ የቮድካው ሽታ ቀድሟቸው ወጣ። ግድግዳ ይዘው ነው የቆሙት... ከስተዋል።

«መድኃኒቱስ?» አልኳቸው።

ዓይናቸው ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ።

የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳብኩት። የሦስት ወር መድኃኒት... እሽጉ እንኳ አልተነካም።

እናቴን በሚያክሉ ሴት ላይ ጮኽኩ። «መሞት ነው የሚፈልጉት? ለልጅዎ እንኳ አያዝኑም?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«አንች አይደለሽ እንዴ ከመጠጥ ጋር አይሆንም ያልሽኝ? መጠጡን ልተው ሞከርሁ፣ አቃተኝ። በላዩ ላይ ብውጠው ይገድለኛል ብዬ ክኒኑን ተውሁት። ልጄ ከጦር ሰፈር ስትመጣ ሬሳዬን እንዳታገኝ ብዬ ነው እኮ!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ትዝ አለኝ። ከሦስት ወር በፊት ክሊኒክ የመጡ ቀን ዶክተሯ ብዙ ነበር የተናገረችው። መጠጡን ቀስ በቀስ እንድትቀንስ እንረዳታለን፣ ጠጥታም ቢሆን ግን መድኃኒቱን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ... ውጭ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ በአንድ ትንፋሽ «ከመጠጥ ጋር አይሆንም» ብዬ ጨረስኩት። እሳቸውም «እሽ ልጄ» ብለው ወጡ።

«እትዬ... ጥፋቱ የኔ ነው። አሳጥሬ ነው የነገርኩዎት። ጠጥተውም ቢሆን ይዋጣል።»

«ጠጥቼም?»

«ጠጥተውም።»

አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ያዙ። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ ምነው ይኼን ሁሉ ጊዜ ሳትመጭ?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቢረግሙኝ ይሻል ነበር።

እዚያው ሆኜ ለዶክተሯ ደወልኩ። ያደረግኩትን ሳልደብቅ ነገርኳት። «ዛሬውኑ ትጀምር» አለች። «መጠጡን ግን በአንዴ እንዳታቆም፣ እሱም አደጋ አለው። ነገ አምጫትና አብረን እናያለን።»

ክኒኑን ከእሽጉ እኔ አወጣሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት። ከዚያ እጄን ያዙና ለረጅም ሰዓት አልለቀቁኝም... ክኒኑ ይገድለኛል ብለው እየጠበቁ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመግባቴ በፊት በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ዛሬም ሄጄ ነበር። ጠጥተዋል። መድኃኒቱንም ውጠዋል። መድኃኒቱ አሁንም ይሠራላቸው እንደሆነ የሚቀጥለው የደም ውጤት እስኪመጣ አይታወቅም።

አሁን ስተረጉም አንዲት ቃል አላስቀርም... ለእሳቸው ግን እንዳልዘገየሁ ማን ይንገረኝ?