ተተኪ የተገኘለት ኡስታ

እኔ ታይፒስት ነበርኩ። ከሱዳን ድንበር ሳይርቅ፣ ኮኪት አጠገብ በነበረው የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጬ፣ ከጽሕፈት መኪናዬ ላይ አቧራውን እፍ እያልኩ፣ ሰው የሚያስቀጥርም ሰው የሚያሰናብትም ደብዳቤ ስመታ ኖሬያለሁ። ጠባይሽ ጥሩ ነው ያለኝ ሰው የለም። ግን አንዲት ፊደል አልስትም ነበር፤ ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዘሩ ምላሴን የቻለው ለዚህ ይመስለኛል።

ከመታሁት ደብዳቤ ግማሹ የአንድ ሰው ጉዳይ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። ሰውየው ኡስታ ሲራጅ ናቸው። ኡስታ በሱዳኖች አፍ እጁ የተመሰከረለት ባለሙያ ማለት ነው፤ እኛም እንደዚያው እንላቸው ነበር። የገዳሪፍ ሰው ናቸው። በ1956 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት ሰሊጥ ሊያመርት ትራክተሮች ከሱዳን ሲያስገባ፣ መካኒክ ሆነው አብረው መጡ። ባለቤታቸውን እትዬ ረቢዓን አምጥተው ኮኪት ላይ ቤት ሠሩ፣ ሦስት ልጅ ወለዱ። በ67 እርሻው ሲወረስ ባለሀብቱ ሄደ፤ እሳቸው ከትራክተሮቹ ጋር አብረው ተወረሱ። ይህን ቀልድ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። በ69 ጦርነት ተነሥቶ መተማ ሲደርስ፣ ሌሎቹ የሱዳን መካኒኮች ድንበሩን ተሻግረው አገራቸው ሲገቡ፣ እሳቸው ትራክተሮቹን አስከትለው ወደ ጭልጋ ወጡ። ሰላም ሲሆንም አንድ ሳያጎድሉ ይዘዋቸው ወረዱ።

እንዲህ ያለውን ሰው "የውጭ አገር ዜጋ" ብዬ ስጽፍ እጄን ያዝ ያደርገኝ ነበር።

ኡስታ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ። በእጃቸው ያለው በየዓመቱ የሚታደስ የሥራ ፈቃድ ነው። ሥራው ከቀረ ወረቀቱም ይቀራል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ጓዝን ጠቅልሎ መውጣት ነው። ቋሚውን ያገኘ ሰው ግን ሥራ ቢኖረውም ባይኖረውም ከቤቱ የሚያስነሣው የለም።

ችግሩ ደንቡ ነው፤ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በጃንሆይ ጊዜ ከአውራጃው የተሰጣቸው ወረቀት ሁሉ "የቀድሞው ሥርዓት ነው" ተብሎ ሳይቆጠር ቀረ። ከታኅሣሥ 68 ጀምረው እንደ አዲስ ገቢ መቁጠር ያዙ። አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ለቋሚ ፈቃድ ማመልከት ይችላል ተባለ። አምስቱን ደፈኑ፣ ጎንደር ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ተነሡ፣ እኔም ማመልከቻውን አሳምሬ መታሁ፣ ላክነው። ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ። ለካ አዲስ ሰርኩላር ወጥቶ አምስቱ ስምንት ሆኗል።

"ሦስት ዓመት ምን አላት፣ ባንቺ?" አሉኝ። ስሜ ባንቺአየሁ ነው፤ እሳቸው ያሳጥሩታል። "በደንብ የተያዘ ሞተር ከዚያ በላይ ይሄዳል።"

እሳቸው ሳይናደዱ እኔ ተናደድኩ። ያን ቀን ለማንም ሰላምታ አልሰጠሁም።

በ73 መጨረሻ ደግሞ ሌላ ሰርኩላር መጣ። የውጭ ባለሙያ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያዊ ተተኪ ያሠልጥን ይላል። ተተኪው በፈተና ብቁ ሆኖ ከተገኘ፣ የውጭ ዜጋው ፈቃድ በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሰኔ 30 ያበቃል። ተተኪ ካልተገኘ ይታደሳል። ቀን ቆጠርኩ። የኡስታ ስምንት ዓመት የሚሞላው በታኅሣሥ 76 ነው። ፈተናው በግንቦት 75 ነው። ተተኪው ካለፈ አምስት ወር ይጎድላቸዋል፤ ከወደቀ ይሞላላቸዋል። ሰርኩላሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩ ሌላ ፍች የለውም፤ ሰውየው በደንብ ካስተማሩ ይባረራሉ፣ አበላሽተው ካስተማሩ ይቆያሉ።

ተተኪ እንድትሆን የተመረጠችው ስመኝ ናት። ከደንቢያ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ፣ አጨዳው ሲያልቅ አገሯ ያልተመለሰች፣ ትራክተር መንዳት ተምራ ከወንዶቹ ቀድማ ማሳ የምትጨርስ የሃያ አምስት ዓመት ሴት። ጓድ ዘሩ የመረጣት ለሪፖርት ስለምታምር ነው፤ "ሴት መካኒክ አፈራን" ብሎ መጻፍ ማንን ይጠላል! ኡስታ ያዩባት ግን ሌላ ነው።

"ያቺ ቢንት፣ ያቺ ልጅ፣ ብሎን ስትፈታ ከየት እንደፈታችው ታስታውሳለች" አሉኝ። "ወንዶቹ ገጥመው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፋቸዋል።"

አሁን ስለ ኡስታዎች አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ከገዳሪፍ የሚመጡት ሁሉ ሌላውን ሥራ ረዳታቸው እያየ ይሠራሉ። የናፍጣውን ፖምፓ ሲገጥሙ ግን ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ፖምፓው በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ያጣል። የትኛው ምልክት ከየትኛው እንደሚገጥም ኡስታው ብቻ ያውቀዋል፤ ረዳቱ ቁልፍ ያቀብላል፣ ፊቱን ወደ ማሳው ያዞራል። ማንም አይቀየመውም። እንጀራ ነው፣ ሰው እንጀራውን አውጥቶ ሜዳ ላይ አይጥልም።

ስለዚህ ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። "ኡስታ፣ ሁሉንም ያስተምሯት። ፖምፓውን ግን ለራስዎ ያስቀሩት። እንደ ልማዳችሁ ጀርባዎን ይስጧት፤ ማን ይጠይቅዎታል?"

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ። "ወላሂ አስቤዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ አስቤዋለሁ።"

"እና?"

"የእኔ ኡስታ ሦስት ዓመት ከጀርባው አቁሞኛል። ሳያሳየኝ ሞተ። ለብቻዬ ስሞክር የሰው ሞተር አበላሽቼ፣ ተሰድቤ፣ ተደብድቤ ነው ያወቅሁት። ይህቺ ልጅ እኔ ያጠፋሁትን ሦስት ዓመት ለምን ታጥፋ?"

"እንግዲያው ይባረራሉ።"

"ሊሆን ይችላል። ግን ሐለስ፣ አልቋል። ትናንት አሳይቻታለሁ።"

ሞኝ ነዎት ልላቸው ከአፌ መለስኩት፤ ቢሮዬ ገብቼ ግን ለጽሕፈት መኪናዬ ነገርኳት። እሳቸው ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አልተኙም። ስመኝን ፊት ለፊታቸው ያስቀምጧትና ፖምፓውን ያስፈቷታል፣ ያስገጥሟታል፣ እንደገና ያስፈቷታል። ዓይኗን አስጨፍነው ምልክቱን በጥፍሯ እንድትፈልገው ያደርጓታል። ስታገኘው እንደ ልጅ ይስቃሉ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ስመኝ ቢሮዬ ገባች። ቱታዋን አጥባ ለብሳለች።

"ብወድቅስ?" አለችኝ።

"እያወቅሽው?"

"እያወቅሁት።"

ዝም አልኩ። ውደቂ ማለቴ ነበር፤ ዛሬም አላፍርበትም። እሷም ዝምታዬ ገብቷት ወጣች። ኡስታ በር ላይ ቆመው እየጠበቋት ነበርና ፊቷን ሲያዩ ሁሉም ነገር ገባቸው።

"ስሚ" አሏት፣ እኔም እንድሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ አንቺ ነሽ። አውቀሽ ከወደቅሽ በሰው ፊት የሚወድቀው የእኔ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ማንም ሳያባርረኝ ራሴ እሄዳለሁ።"

አለፈች። ሦስቱ ፈታኞች ሆን ብለው ያዛቡትን ፖምፓ አውርዳ፣ መልሳ ገጥማ፣ አየሩን አስወጥታ፣ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ጭሱ ነጣ ብሎ ጠፋ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ከሁሉም የጮኸው የኡስታ ጭብጨባ ነው። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ።

ደብዳቤውን የመታሁት እኔ ነኝ። "ተተኪ የተገኘ በመሆኑ የሥራ ፈቃድዎ ሰኔ 30 ቀን 1975 ዓ.ም. ያበቃል።" በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊደል ሳትኩ፤ ሁለት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። ለተላላኪ አልሰጥም ብዬ ራሴ ቤታቸው ወሰድኩት።

እትዬ ረቢዓ ሳያነቡት ገባቸው። "ገዳሪፍ ማን አለኝ?" አሉ። "ለዘመድ ጥየቃ ስሄድ 'ሐበሻዋ መጣች' ነው የሚሉኝ። ልጆቼ የዚያን አገር አፍ እንኳ አጥርተው አያውቁም። እኔ ሳንዱቄን አላነሣም፤ የሚያነሣ ካለ እሱ ያንሣ።"

ኡስታ እጆቻቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። እኚያን ሰው ፈርተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር።

በማግስቱ ስመኝ የርክክብ ቅጹን ይዛ ጓድ ዘሩ ቢሮ ገባች። እኔ ከበሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ በሩ ክፍት ነበር።

"አልፈርምም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? ፈተናውን አልፈሻል እኮ!"

"አርባ ትራክተር አለ፣ ጓድ። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ጥቁር አፈሩ ከራሰ በኋላ ትራክተር አይገባበትም። አርባውን እኔ ብቻዬን እንዴት አደርሰዋለሁ? ሌሎች መካኒኮች ማን ያወጣል?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ መጠገን ነው የተማርሁ። ማስተማር የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። እስኪ ከዚህ እስከ አብደራፊ ይጠይቁ፤ በሁለት ዓመት ሰው ያወጣ ኡስታ የትኛው እርሻ አለ? ሁሉም 'ተተኪ አልተገኘም' ብለው አይደለምን የጻፉ?"

ጓድ ዘሩ ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። ሌሎቹ እርሻዎች ያላገኙትን ማግኘቱ ያኮራው ነበር። እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ ሰርኩላሩን አወጣሁ፤ ለአራተኛ ጊዜ ማንበቤ ነው። ከታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ይህ መመሪያ በአሠልጣኝነት የተቀጠሩትን አይመለከትም ትላለች። ያቺን ሦስት ጊዜ ዘልያታለሁ። በፋይላቸው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "መካኒክ" ተብሎ ስለተጻፈ፣ ሰውየው ሌላ ነገር ሊሆኑ እንደሚችሉ እኔ ራሴ አላሰብኩም። ፊደል አልስትም ባይዋ እኔ!

ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበ፣ አንገቱን አከከ፣ "በይ፣ አሠልጣኝ ናቸው ብለሽ ምቺው" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ኡስታ፣ ስመኝና እኔ በእህል ጫኝ መኪና ጎንደር ገባን። የውጭ ዜጎች ጉዳይ የሚያየው ሹም ከሳ ያለ፣ ዓይኑ በንባብ የደከመ ሰው ነው። ደብዳቤያችንን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ሰውየው መካኒክ ናቸው" አለ። "ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁሉም አሠልጣኝ ነኝ ይላል። ማስረጃው የት አለ?"

ስመኝ የብቃት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ማስረጃው እኔ ነኝ" አለች።

ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። ጥያቄ ጀመራት፤ አባቱ የወፍጮ ሞተር ነበራቸው መሰለኝ ነገሩን ያውቀዋል። ስለ ፖምፓው ጠየቃት፣ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። ኡስታ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቃል በቃል ይከተሏታል። ሲጨርስ በግራው በኩል የተከመረውን ፋይል በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

"እነዚህ ሁሉ የውጭ ባለሙያዎች ናቸው" አለ ወደ ኡስታ ዞሮ። "ሁሉም ያመጡልኝ 'ይህን ሥራ ከእኔ በቀር የሚችለው የለም' የሚል ደብዳቤ ነው። የሚችል ሰው ይዘው የመጡ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ማኅተሙን መታው። አሠልጣኝ፣ ለአንድ ዓመት።

በዚያው ክረምት ኡስታ አራት ሰው ይዘው ማስተማር ጀመሩ፤ ታኅሣሥ ሲገባ ስምንት ዓመታቸው ሞላ። ማመልከቻውን በእጄ ወስጄ አስገብቼ፣ መዝገብ ቁጥሩን ተቀብዬ ተመለስኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን አዲስ ሰርኩላር ደረሰን። ስምንቱ አሥር ሆኗል። ግን ቀድሞ የገባውን አይነካም ይላል፤ ብቻዬን ቢሮዬ ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ቋሚው ፈቃድ የመጣው በሚያዝያ ነው። ጋራዥ ወስጄ፣ እጃቸው ግራሶ ስለነበረ እኔው አነበብኩላቸው። እንደገና አንብቢው አሉኝ፣ አነበብኩ።

"ያለ ጊዜ ገደብ ማለት እስከ መቼ ነው?"

"እስከ ዕድሜ ልክዎ ነዋ!"

"ከሞትኩስ?"

"ከሞቱማ እዚሁ ኮኪት ይቀበራሉ። ከዚያ ማን ያስነሣዎታል?"

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃቸው ግራሶ ነውና ሊጠርጉት አልቻሉም፣ ፊታቸውን በክንዳቸው አበሱ።

"ሂጂ ባንቺ" አሉኝ፣ "ይህንኑ እንዳልሽው ለረቢዓ ንገሪያት። ከእኔ አፍ ብትሰማው አታምንም።"