ወደ ሐይቁ የጣልኩት ክራንች

ለምለም ክራንች ሠርታ ጨረሰች! እንጨቱን ከመምረጥ ጀምሮ ከታች ጎማውን እስከ መምታት ድረስ፣ ማንም ሳያግዛት፣ ብቻዋን። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው የደወለችልኝ። «ኬሬሆ» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በሲዳምኛ ሰላም ብላ። ከዚያ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እኔ በሠራሁት ክራንች ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ! ዶሮ እያባረረ!» አለች። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ዘለልኩ። አጠገቤ የቆመው ባለ ባጃጅ፣ «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ እዚሁ ትጨፍሪያለሽ?» አለኝ። ገባሁ። ፒያሳ እስክንደርስ ግን ከደስታዬ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርኩት ነገር። ወረድኩና ደብተር ገዛሁ።

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው ከቤታችን ይልቅ በማዕከሉ ግቢ ነበር። ማዕከሉ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ እናቴ እዚያ ልብስ አጣቢ ነበረች። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው የዓሣ ሽታ፣ የእናቴ ሳሙናና ከእንጨት ሥራ ክፍሉ የሚወጣው የፍቅፋቂ ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ በአፍንጫዬ አንድ ላይ ነው ያሉት። በእንጨት ሥራ ክፍሉ ጋሽ ላሚሶ አሉ። እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ፖሊዮ ይዟቸው አንድ እግራቸው ሰልሏል። የመጣውን ልጅ ሁሉ በሩ መቃን ላይ አስደግፈው በእርሳስ ብብቱ ሥር ያሰምራሉ። መቃኑ ከመስመሩ ብዛት የተነሳ ተዥጎርጉሮ ነበር። «ክራንች እንደ ልብስ ነው፤ በልክ ካልተሠራ ሰውየውን ይቀጣዋል» ይሉ ነበር።

ለምለም ከከተማው ወጣ ያለው የቡሹሎ ገበሬ ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ ታጥፎ ስለቀረ ያን ጊዜ ሁለት ክራንች ትይዝ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ታድር ነበር። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ማንም አይችላትም። በክራንቹ ተወንጭፋ ሦስት ቤት በአንዴ ታልፋለች፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ ክራንቹን ትለቅና በግራ እግሯ ብቻ ቆማ በኩራት ታየናለች። «ይሄ ማጭበርበር ነው!» እላለሁ። «አንቺም ክራንች ያዢና አጭበርብሪ» ትለኛለች። በዓመት አንዴ የሚመጡት ሐኪሞች እግሯን አይተው፣ በሚቀጥለው ሲመጡ በቀዶ ጥገና እንደሚዘረጋላት ነግረዋታል። ስሟ ተመዝግቧል። እስከዚያ ድረስ ቀን ትቆጥር ነበር፤ ስንት እንደቀረ በየቀኑ የምትነግረው ለእኔ ነበር።

ሐኪሞቹ ሊመጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው እኛ ቤተ ክርስቲያን የሦስት ቀን ኮንፈረንስ ሆነ። ለምለምን ይዣት ሄድኩ። እንግዳው አገልጋይ ስለ እምነት ሰበኩ፣ ለታመሙ ጸለዩ። ሁሉም እጁን ሲያነሳ ለምለምም ክራንቿን ለቀቀችና ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። አልወደቀችም። እስከ ሰባት ቆጠርኩ። አንዲት እናት አይተዋት እልል አሉ፤ እኔ አለቀስኩ። እንደዚያ መቆሟን በየቀኑ በሰኞ ማክሰኞ አይቼው ነበር እኮ! ያን ቀን ግን ተአምር መሰለኝ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን።

«ለምለም፣ ድነሻል እኮ!»

«እኔ እንጃ። እግሬ እንደ ድሮው ነው።»

«ክራንቹን ስለያዝሽ ነዋ! ድኛለሁ ብሎ ክራንች የሚይዝ ሰው የት አለ?»

«ጋሽ ላሚሶስ? አይቆጡም?»

«ምን ያስቆጣቸዋል? ሥራ ይቀንስላቸዋል።»

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። አንዱን ክራንች ሰጠችኝ፤ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ወደ ሐይቁ ወረወርኩት። የሚሰምጥ መስሎኝ ነበር። እንጨት አይደል? ተንሳፈፈ። «በኢየሱስ ስም ስመጥ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ንቅንቅ የለም። ሁለተኛውንም አከልኩበት። ነፋሱ ሁለቱን ጎን ለጎን እየገፋ ወደ መሀል ወሰዳቸው፤ አባ ኮዳ የሚሉት ባለ ረጅም እግር ወፍ ዳር ዳሩን እየተራመደ ሸኛቸው። ከዚያ ዞር ብዬ፣ «በይ ሂጂ» አልኳት።

ተነሳች። በአንድ እግሯ አንዴ ዘለለችና ጭቃው ላይ ወደቀች። እንደገና ተነሳች፤ ወደቀች። በሦስተኛው አልተነሳችም። ጭቃውን ከፊቷ ላይ እየጠረገች፣ «እንግዲህ እኔ እምነት የለኝም ማለት ነው» አለች። አይደለም ማለት ነበረብኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅም ብሆን ያን ያህል አላጣም ነበር። እኔ ግን እውነቷን መሰለኝ። ከዚያ በጀርባዬ አዝያት፣ እያረፍኩ እየተነሳሁ፣ ማዕከሉ በር ደረስን።

በሩ ላይ እናቴና ጋሽ ላሚሶ ቆመው ነበር። «ክራንቹስ?» አሉ ጋሽ ላሚሶ። ለምለም ከጀርባዬ አንገቷን አስግጋ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ለምለም፣ «እኔ ነኝ። ሐይቅ ውስጥ ጣልኩት» አለች። እናቴ፣ «ውይ፣ ምን ነካሽ ልጄ?» ብላ ከጀርባዬ ተቀበለቻት። ጋሽ ላሚሶ ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ወዲያው የመጋዝ ድምፅ ተሰማ።

አባቷ ወሬውን በሰሙ በሦስተኛው ቀን መጡ። የማዕከሉ ሰዎች፣ ልጅ ናት፣ ሌላ እንሠራላታለን፣ አይጨነቁ አሏቸው። እሳቸው ግን ቀና ብለው ማንንም ማየት አልቻሉም። «የደከማችሁበትን ውኃ ውስጥ ጥላ እንዴት ብዬ ደግሞ ሐኪም አስቸግራለሁ? ተራዋን ለሌላ ልጅ ስጡልኝ» አሉ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሞ እንኳ ያጎነብሳል። ጥፋቱ የልጃቸው እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ደግሞ የልብስ ማስጫው ጋ፣ የታጠበ አንሶላ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። «እኔ ነኝ» ብል ኖሮ አባቷ ያን ሁሉ አያፍሩም ነበር። አልኩ? አላልኩም። ለምለምን ሞተር ሳይክል ላይ አስቀምጠው ወሰዷት። ሐኪሞቹ መጥተው ስሟ ሲጠራ አቤት የሚል አልነበረም።

የማዕከሉ ሰዎች ቡሹሎ ሲመላለሱ ቆይተው አባቷን ያሳመኑት በሁለት ዓመቱ ነው። እስከዚያ እግሯ ይበልጥ ታጥፎ ነበር። አንድ ይበቃት የነበረው ቀዶ ጥገና ሁለት ሆነ። በትምህርትም ትቀድመኝ የነበረች ልጅ ከኋላዬ ቀረች። ዛሬ በአንድ ክራንች ትሄዳለች። አሁን ጋሽ ላሚሶ አጠገብ ወንበር ይዛ ሙያቸውን ትማራለች፤ መቃኑ ላይ የምታሰምረውም እሷ ናት። ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ባየኋት ቁጥር ደግሞ ያ በር ትዝ ይለኛል።

በዚያ ደብተር ላይ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ስድስት ገጽ! በዘጠኝ ዓመቴ ሁለት ቃል ያቃተኝ ልጅ! መጀመሪያ ያነበብኩት ለለምለም ነው፣ እንጨት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ፍቅፋቂው ላይ ተቀምጬ። ስጨርስ ሞረዷን አስቀመጠች።

«ሐይቅ የጣልሽውን ድሮ ነው ይቅር ያልኩሽ» አለችኝ። «እኔም ሰጥቼሽ የለ? በሩ ላይ ዝም ያልሽውን ግን ገና ነኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አባቴ እስከ ዛሬ እኔ የጣልኩት ነው የሚመስላቸው። ቅዳሜ ይመጣሉ። እሳቸውና ጋሽ ላሚሶ ባሉበት አንብቢው።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት። እኔም እኮ ሰው ፊት ነው ጥፋትሽን የተሸከምኩት።»

ያን ጊዜ ክራንቹን ስገሥጽ ድምፄ ከኔ ዕድሜ በላይ ነበር፤ ሰዎች ፊት ስደርስ ግን ጠፋ። አሁን ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ ወረቀት ላይ ሁሉን መናገር ተምሬአለሁ፣ ቅዳሜን ሳስብ ግን ደብተሩን እከድነዋለሁ። ለምለም ያጣቻቸውን ሁለት ዓመታት የእኔ ማንበብ አይመልሳቸውም። የለምለም አባት ግን ቢያንስ ቀና ብለው ወደዚያ ግቢ መግባት ይገባቸዋል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናንተም ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የማዕከሉ በር ክፍት ነው፤ ሰው በበዛ ቁጥር እንዳልሸሽ ይረዳኛል። ለምለም ደግሞ ንገሪልኝ ያለችው አለ፤ ቤታችሁ ከበር ኋላ የቆመ፣ ልጁ አድጎ ያነሰው ክራንች ካለ ይዛችሁ ኑ። ለአንዱ ልጅ ልኩ ይሆናል። ካልሆነም ለምለም ቆርጣ ታስተካክለዋለች።