የውሃ ማኅበር

በደብረ ማርቆስ ከተማ ጀሪካን ያንጠለጠለ እንግዳ የሚበዛበት ቤት የእኔ ብቻ ይመስለኛል። ሰው ወደ ማኅበር ሲሄድ ዳቦ ይይዛል፣ ቢበዛ ጃንጥላ ይይዛል። ወደ እኛ ማኅበር ግን ያልተጠራው ሳይቀር ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ከተፍ ይላል። ጥፋቱ የስሙ ነው። ስሙን ያወጣልን ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ ስም ሲያወጣ ባለቤቱን አያማክርም።

ለማያውቀኝ ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ እሰፋለሁ፣ ወሬ አሰፋለሁ። ከገበያ ክንድ የማይሞላ ወሬ ይዤ ብገባ ራት እስኪቀርብ ድረስ ለቤተሰቡ ሁሉ ካባ ይወጣዋል። ባለቤቴ የምናገረውን የምታምነው አጥባ፣ ጨምቃ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ነው። የሚከተለው ግን ያልሰፋ ነው። ጫፍ ጫፉን ዘምዝሜው ይሆናል እንጂ ጨርቁ እንዳለ ነው።

ልጃችንን ውሃ ወሰደብን። ከሰፈራችን ጀርባ ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ የተተወ ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲገባ ዝናብ ይሞላውና ከላይ ሲያዩት ሰማይ የወደቀበት ይመስላል። ከጓደኞቿ ጋር ልትጫወት ወጣች፤ ጓደኞቿ ብቻቸውን እየሮጡ ተመለሱ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እዚህ ላይ የምቀጥለው ጨርቅ የለኝም።

ለቅሶ ደራሹ ከድንኳኑ ሞልቶ ፈሰሰ ብል ለአንድ ጊዜ አላጋነንኩም። ግን ልጅ በውሃ ሲሞት ሰው የሚለው ይጠፋዋል። በሽታ ቢሆን «ከስቃይ ተገላገለች» ይባላል። ለውሃ የተዘጋጀ ቃል የለም። እናም አንዱ «ለመሆኑ ማን ነበር የሚጠብቃት?» ይላል። ሌላው «እግዜር ይተካል» ይላል፣ ልጅ የተሰበረ ብርጭቆ ይመስል። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ደግሞ ዝምታው ቢከብዳቸው፣ «ምን ይደረግ ልጄ፣ ውሃ እንደሁ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» አሉና ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ተረቱን እኔ ራሴ ስቀልድበት የኖርኩ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቀልድ እምቢ አለኝ። ሱቄ ውስጥ የምታወራው የስፌት መኪናዬ ብቻ ሆነች።

ነገሩን የጀመረችው የይጁቤዋ ሴት ናት። በይጁቤ ገበያ ሽንኩርት ትነግዳለች፤ ዋጋ ስትጠራ እኔ እዚህ ማርቆስ ሆኜ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ጥቁር ቀሚሷን ይዛ ሱቄ መጣች።

«አጥብብልኝ፤ ከስቼበታለሁ» አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ልጄን ውሃ በልቶብኝ ነው።»

መቀሱን እንደያዝኩ፣ «የእኔዋንም» አልኳት።

ቁጭ አለች። አየችኝ አየችኝና፣ «ያንተዋ ምን ታስቸግር ነበር?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በለቅሶ ቤት አስቸጋሪ ልጅ ሞቶ አያውቅም። የሚሞተው ሁሉ ጨዋ፣ ሁሉ ታዛዥ፣ ሁሉ መልአክ ነው። ልጄን መልአክ ሲያደርጓት ሁለተኛ ጊዜ የወሰዱብኝ ያህል ነበር፤ የእኔዋ ልጅ መልአክ ከሆነች ሰማይ ቤት አንድም የተገጠመ በር አይተርፍም። ስለዚህ ለሴትዮዋ ነገርኳት። ለአንድ ዲያቆን ሱሪ ሰፍቼ ዞር ስል፣ ልጄ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ሰፍታ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ዲያቆኑ በጨለማ ተጣድፎ ለብሶት፣ ቅዳሴ እየረፈደበት እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ሱቄ ድረስ መጣ። የመንገዱ ርዝመት እንደ ቀኑ ስሜቴ ይለያያል፤ ያን ዕለት ከሉማሜ አስነሳሁት። ሴትዮዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ቀብሩ ካለፈ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ቀሚሷም ያን ቀን ሳይጠብ ዋለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሌላም ሰው ተጨመረ። የዲማው የቅኔ መምህር፣ የኔታ የምንላቸው፣ ሴት ልጃቸውን ወንዝ የወሰደባቸው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። በወር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተራ በተራ በየቤታችን እንሰበሰብ ጀመር። የኔታ መጀመሪያ «ታቦት የሌለው ማኅበር ምን ማኅበር ነው?» ብለው አጉረመረሙ፤ ዳቦው ሲቆረስ ተዉት። ሥርዓቱን ያወጣችው የይጁቤዋ ናት። እዚህ ቤት የልጅ ደግነት አይወራም፤ የሚወራው ጥፋቱ ነው፤ የሰበረው፣ የሰረቀው፣ የዋሸው። «ይተካል» ብሎ ያመለጠው ሰው ደግሞ የዕለቱን ብርጭቆ ሁሉ ያጥባል። የኔታ ሰው ሲያጽናኑ የኖሩ ናቸውና ቃሉ ከአፋቸው አይጠፋም፤ የዲማ ሊቅ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጎረቤት እያየ ብርጭቆ ሲያለቀልቁ ማየት ብቻውን ግማሽ መጽናኛ ነው።

ስም አላወጣንለትም ነበር። ሰፈሩ ግን ያገናኘን ምን እንደሆነ ያውቃልና «የውሃ ማኅበር» አለን። ስሙ ገበያ ወጣ። ከገበያ ገጠር ገባ፣ ገጠር ሲደርስ ቧንቧ ሆነ። ጀሪካኑ የጀመረው ያኔ ነው። የኔታ «ሰሙ ቧንቧ፣ ወርቁ እንባ» ብለው ተደሰቱበት። ሰሙን ይዞ ለሚመጣው ገበሬ በር ላይ ቆሜ የማስረዳው ግን እኔ ነኝ።

በጥቅምት፣ ተራው የእኔ በሆነበት እሑድ፣ ከአምበር በኩል አንድ ሰው መጣ። ጀሪካኑ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል።

«የውሃ ማኅበር እዚህ ነው?»

«ነው፣ ግን...» ስል ቀደመኝ። መንገዱን ሙሉ ያጠናው ንግግር ነበረው።

«የተከበሩ ሰብሳቢ! የተከበራችሁ አባላት! ለመንደራችን አንድ ቦኖ ይተከልልን። ቆፍሩ ካላችሁ ማንንም አላስቸግርም፤ እኔው ብቻዬን ከዚህ እስከ አምበር ድረስ እቆፍራለሁ!»

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ደግሞ ከአንተ የሚብስ መጣ» አለች።

«አሁን ከየት ነው የምትቀዱ?» አሉ የኔታ።

«ወንዝ አለ የኔታ። ከደጃችን ነው።»

«ወንዝ ደጅህ እያለ ቧንቧ ምን አማረህ?»

«ሚስቴ ከዚያ ወንዝ አልቀዳም አለች።»

«ምነው?»

ሰውየው ጀሪካኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ንግግሩ እዚህ ጋ አላዘጋጀውም መሰለኝ። «ማዶ ምንጭ ድረስ ትሄዳለች። ጎህ ሲቀድ ወጥታ ፀሐይ ሲከር ነው የምትገባ። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። አዝመራው ይግባና ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ ብላለች፤ እሱንም የነገረችኝ በሰው ነው። ቧንቧው ከገባ ግን... ከገባ ትቀር ይሆናል።»

የይጁቤዋ ያንን የገበያ ድምፅዋን የት እንዳደረገችው እንጃ፤ በሹክሹክታ፣ «ወንድምዓለም፣ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችው።

ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኛ ቧንቧ የለንም ወንድሜ። እዚህ የምታየን ሁላችንም ውሃ ልጅ የበላብን ነን።»

ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ያላችሁኝ ልትስቁብኝ ነው?» ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ባለቤቴ ቀደመችው። «ከውሃ ማኅበር ባዶ እጅ አይወጣም፤ ተቀመጥ» ብላ የራሷን ጀሪካን፣ እጀታው ላይ የእኔ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ የታሰረበትን፣ ግቢያችን ካለው ቧንቧ ሥር ደቀነችው። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ የመጣ ቀንም እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ያ ጀሪካን እስኪሞላ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ይነሳል። ሰውየውም መቀመጥ ግድ ሆነበት።

«ልጅህ ምን ያጠፋ ነበር?» አለችው የይጁቤዋ።

«የእኔ ልጅ አያጠፋም። ደግሞ ስለ እሱ አናወራም። ስሙ በቤቴ እንዳይጠራ ብያለሁ፤ ከሰማችው ታለቅሳለች።»

«ካልሰማችውስ አታለቅስም?»

ዓይኑን ጀሪካኑ ላይ ተከለ። እኔም የዲያቆኑን ሱሪ አመጣሁለት። ለእሱ ስል ዲያቆኑን ከአምበር አስነሳሁት። ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ሳቅ ነው ብዬ ግን አልምልም። ጀሪካኑ ሲሞላ ባለቤቴ አንስታ ሰጠችውና፣ «ይሄ ዕቃ የእኔ ነው። በሚመጣው ወርም ተራው የእኛ ነው። የምትመልስልኝ ባለቤትህ ናት፤ አንተ ይዘኸው ብትመጣ አልቀበልህም» አለችው። ተራው የእኛ አልነበረም፤ እዚያው ፈጠረችው። ማጋነን በጋብቻ እንደሚተላለፍ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሚስቱ ውሃውን ቀመሰች፣ መልእክቱንም ሰማች፣ መልስ ግን አልሰጠችውም። እሑዱ ሲደርስ ጀሪካኑን አዝላ መንገድ ጀመረች፤ እሱ ከኋላ ተከተለ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ጠላ ሞልታው ነበር የመጣችው። ለሁላችንም ቀዳች፤ ጠላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ማንኪያ የሚያቆም ነው።

«ያንቺስ ምን ያስቸግር ነበር?» ተባለች።

ባልየው «የእኛ ልጅ እንኳ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ዞር ብላ «ዝም በል!» አለችው። ከክረምት ጀምሮ ለእሱ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው መሆኑን በኋላ ነው የሰማነው።

«የጠላ ሌባ ነበር» አለች። «በፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳ ለጓደኞቹ ያወጣል። እንዳይታወቅበት የጎደለውን በውሃ ይሞላዋል። ይሄ ሰውዬ ማታ ይገባና 'ይሄ ጠላ ነው ቅራሪ? እጅሽ ተበላሸ' ይለኛል። ልጁ መደብ ላይ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል። እኔ ዝም።»

ባልየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ትገርፈው ነበራ!»

«እኔ እኮ ለእናትሽ ሳይቀር ከስሼሻለሁ! ልጅዎ ጠላ አታውቅም ብዬ!» አለና፣ ከማሳ ወደ ቤት እንደሚጣራ ሰው ጮክ ብሎ የልጁን ስም ጠራ። «አንተ የጠላ ሌባ! ቆይ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ሳቁ የት ላይ አብቅቶ ለቅሶው የት ላይ እንደጀመረ ስፌቱ አይታይም። እሱም እጇን ያዘ፤ አላስለቀቀችውም።

የኔታ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ «ይሄኛውስ ውሃ እያሳሳቀ መለሰ» አሉ። በራሳቸው አነጋገር ደስ ቢላቸው ሊጨምሩበት ፈለጉና፣ «እንግዲህ እግዜር ይተ...» ብለው ግማሹ ላይ ሊውጡት ሞከሩ። ሁላችንም ብርጭቋችንን አቀበልናቸው።

አዝመራው ገባ፤ ሴትዮዋ ግን ወደ አባቷ ቤት አልሄደችም። ቧንቧ እስካሁን አልገባላቸውም። እሷም ወንዙን አትቀዳም፤ ምንጩ ድረስ ትሄዳለች፣ እሱ አህያውን እየነዳ አብሯት ይወጣል። ተራው የእነሱ ሲሆን ሁላችንም አምበር ወረድን። ጎተራው ሞልቷል፣ ደጁ ላይ ገለባው እንደ ተራራ ተከምሯል፤ ተራራ ስል ከጮቄ አላሳንሰውም። ጠላ ቀረበ። ባልየው እንደ ወጉ ቀድሞ ቀመሰ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሁላችንንም አየን።

«ቀጥኗል» አለ።

እሷ መቅዳቷን ሳታቋርጥ፣ ዞር ብላም ሳታየው፣ «ልጅህን ጠይቀው» አለችው።