ከዓመቱ የማይወጣው ሻማ ሠሪ

ፊላደልፊያ ውስጥ ዝናብ ሲጥል ገንዘብ የሌለው እንግዳ የሚጠለልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የእኛ ቤት፣ ማለትም ሙዚየማችን። ከሦስቱ መቀመጫ የሌለው የእኛው ነው። ቢሆንም ሰው ይመጣል፤ በነጻ ነዋ። የቤቱ ባለቤት የነበረችው ሀብታም ሴትዮ ስትሞት «ለዘላለም በነጻ ይከፈት» ብላ ተናዝዛለች። ጣሪያው ሲያፈስ ማን እንደሚጠግነው ግን አልተናዘዘችም። እኔ አርኔታ እባላለሁ፤ እዚያ በር ላይ መቆም ከጀመርኩ ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ ቦርሳ መፈተሽና «አዎ፣ በነጻ ነው» ማለት ነው። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እላለሁ። የማያምነኝ ሰው ኪሱን እየዳበሰ ይገባል።

የማወራችሁ ግን ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ኤመሪ ሃቨርስቲክ ነው።

ኤመሪ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ድሮ የፍራሽ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ እኛ ጋ ተቀጠረ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ጆሳያ የሚባል ሻማ ሠሪ ይሆናል፤ ዘመኑም 1774 ነው። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ነጭ ካልሲ ያደርጋል፣ የቆዳ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ምድር ቤት ወርዶ ክር የተንጠለጠለበትን ዘንግ የቀለጠ ሞራ ውስጥ ሲነክርና ሲያወጣ ይውላል። ጎብኚው ይጠይቃል፤ እሱ ይመልሳል። ከ1774 በኋላ የሆነ ነገር ግን አያውቅም። ማወቅም ክልክል ነው። ኃላፊያችን ወይዘሮ ቲሎትሰን የሠራተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የለጠፉት ሕግ አንድ መስመር ናት፦ «ከዓመቱ የወጣ ከበሩ ይወጣል።» ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጫማ ሰፊ ነበረን፤ «ኦኬ» ብሎ ተባረረ። ቃሉ ያኔ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ኤመሪ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰ ሰው ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጠ ያን አንድ ዓመት ከነዋሪዎቹ በላይ አወቀው። የዱቄቱን ዋጋ፣ የመርከቦቹን ስም፣ የትኛው ሰባኪ ከየትኛው ጋር እንደተጣላ ሳይቀር ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሰዎች ሊያጠምዱት መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ አይቻለሁ። ደስ ይለኛል፤ የተማረ ሰው ሲያፍር ማየት እወዳለሁ።

ወደ እኛ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ኪሱ የሳሳ ስለሆነ የሚጠይቀው ስለ ሻማ አይደለም።

«እዚህ አካባቢ በርካሽ የት ይበላል?»

«ወደ ደቡብ ይውረዱ፣ እመቤት። ዘጠነኛው መንገድ አጠገብ ከባሕር ማዶ የመጡ ጣሊያናውያን የአሳማ ጥብስ በዳቦ ይሸጣሉ። አንዱን ለሁለት ይካፈሉት፤ ብቻውን የጨረሰ ሰው አላየሁም።»

«በ1774 ጣሊያኖች ነበሩ እንዴ?»

«አንድ ሁለት። እየመጡ ነው ይባላል።»

«ካርድ ይቀበላሉ?»

«ጥሬ ብር ቢይዙ ይሻላል።»

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘውም። እሱና ሚስቱ ዶሪን ሲተዋወቁ ሁለቱም ባዶ ኪስ ነበሩ። እሷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። እሁድ እሁድ አንድ ከረጢት የተጠማዘዘ ዳቦ ገዝተው፣ ከወንዝ እስከ ወንዝ በእግራቸው እየሄዱ፣ በነጻ በሚከፈት በር ሁሉ ይገቡ ነበር። መቃብር ቦታ፣ ፍርድ ቤት፣ የኦርጋን ልምምድ የሚደረግበት ቤተ ክርስቲያን አይቀራቸውም። «ሀብታም ከተማውን ይገዛል፤ ድሃ ከተማውን ይዞራል» ትል ነበር ዶሪን። ልጃቸው ጃኒን ስትወለድ ሦስት ሆነው መዞር ቀጠሉ። ልጅቷ ፊደል ሳትቆጥር ከተማውን ቆጠረች።

ከስድስት ዓመት በፊት በመጋቢት ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለው ስልክ ጮኸ። ጃኒን ነበረች። «አርኔታ፣ እማዬ ወድቃ ሆስፒታል ወስደዋታል። አባቴን ቶሎ ጥሪልኝ!» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ። ኤመሪ ሠላሳ ተማሪዎች ፊት ቆሟል። ጠጋ ብዬ በጆሮው «ዶሪን ሆስፒታል ናት። ጃኒን ስልክ ላይ እየጠበቀችህ ነው» አልኩት። አየኝ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረና «ስልክ? ስልክ ደግሞ ምን ዓይነት እንስሳ ነው፣ እመቤት?» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስልኩ ክፍት ነበር፤ ሳቁ ደረጃውን ወጥቶ ጃኒን ጆሮ ገብቷል።

ያን ቡድን ጨረሰ። ቀጥሎ የመጣውንም ጨረሰ። ሆስፒታል ሲደርስ ዶሪን ከሞተች ሃያ ደቂቃ ሆኗት ነበር።

ጃኒን ቀብሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «ለምን አልመጣህም?»

«ሕጉ ነው» አላት። «ከዓመቱ ብወጣ እባረር ነበር።»

ልጅቷ ወደምትኖርበት ወደ ስክራንተን ከተማ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። በየገናው ካርድ ይልክላታል፤ ሳይከፈት ይመለሳል። ወይዘሮ ቲሎትሰንን በኋላ ጠየቅኋቸው። «ቢጠይቀኝ እለቀው ነበር፤ አልጠየቀኝም» አሉኝ። ይህን ስነግረው «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ድሮ ምሳ ሰዓት ላይ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሰው ያወራ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ያንንም ተወው። «ኤመሪ፣ ሾርባህ ቀዘቀዘ» እለዋለሁ። «ኤመሪ የሚባል ሰው አላውቅም፣ እመቤት» ይለኛል። ስንት ጊዜ በማንኪያው ልለው ፈልጌ ጥርሴን ነክሻለሁ። ይህ ሰው ከዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ እንድታናግረው። ለዚያ ያደረገው ነገር ቢኖር ሻማ መንከር ነው።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ የላስቲክ ካፖርት የለበሱ ደስተኛ ሴትዮ በሩ ላይ ደረሱ። እጃቸው ላይ «በነጻ የሚታዩ» የሚል የረጠበ ወረቀት አለ።

«እውነት በነጻ ነው?»

«አዎ፣ በነጻ ነው።»

«መውጫው ላይስ?»

«መውጫውም በነጻ ነው።»

ከኋላቸው ጃኒን ቆማለች። ጠጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሴትዮዋ ወይዘሮ ቤርናዲን የባሏ እናት ናቸው፤ ይህን ከተማ ሳላይ አልሞትም ስላሉ በርካሹ አውቶቡስ ይዛቸው መጥታለች። ያደሩት ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ያደገችበት ቤት ከዚያ ስድስት መንገድ አይርቅም።

አማቷ ቀድመው ሲገቡ ጃኒን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እታች ነው?» አለችኝ።

«እታች ነው። ልንገረው?»

«አትንገሪው። ዛሬ እኔም ጎብኚ ነኝ።»

በሩን ለጃንጥላ ማስቀመጫው አደራ ሰጥቼ ተከትያቸው ወረድኩ። እታች አሥራ አምስት የሚሆን ሰው አለ። ወይዘሮ ቲሎትሰን ጥግ ላይ ደብተራቸውን ይዘው ቆመዋል፤ በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ይቆማሉ። እኔን ከበሩ ርቄ ሲያዩኝ ቅንድባቸውን አነሱ፤ አላየሁም አልኩ።

ወይዘሮ ቤርናዲን የፊቱን ረድፍ ይዘው የጥያቄ መዓት አወረዱበት። ሞራው ይሸታል ወይ? ጥርስዎን በምን ያጸዳሉ? በመጨረሻም «ሚስት አለዎት?» አሉት።

«አለችኝ፣ እመቤት። ገበያ ሄዳለች።»

ይህ የተጻፈለት መልስ ነው። ዶሪን ከሞተችም በኋላ አልቀየረውም።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ጃኒን ከኋላ።

ኤመሪ ቀና ብሎ አያት። ዘንጉ ሞራው ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆየ፤ ሲያወጣው ሻማዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

«ይጠይቁ፣ እመቤት።»

«ሚስትዎ ገበያ ውስጥ ብትወድቅ የት ይወስዷታል? በእርስዎ ዘመን ሆስፒታል አለ?»

በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አስቤው አላውቅም። ዶሪን በሞተችበት ሆስፒታል አጠገብ በየቀኑ አልፋለሁ፤ የተመሠረተበት ዓመት ግንቡ ላይ ተጽፏል። ኤመሪ መዋሸት ይችል ነበር። ስለዚያ ዓመት ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ ጃኒንም ይህን ታውቃለች።

«አለ» አለ። «ስምንተኛው መንገድ ላይ። ከተመሠረተ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።»

«ከዚህ ሩቅ ነው?»

«በእግር ሩብ ሰዓት።»

«ሱቅዎን ዘግተው ለመሄድ የማንን ፈቃድ ይጠይቃሉ?»

«የማንንም። የገዛ ሱቄ ነው።»

ወይዘሮ ቲሎትሰን እርሳሳቸውን ይዘው ቆሙ። የሚጻፍ ነገር የለም፤ ሁሉም ልክ ነው። ሰውየው ከዓመቱ ስንዝር ሳይወጣ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ «ሚስቴ ሆስፒታል ናት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብሎ በዚያ በር መውጣት ይችል ነበር። ልጆቹም ትያትር መስሏቸው ያጨበጭቡለት ነበር።

«እና አንድ ሰው መጥቶ ሚስትህ ሆስፒታል ናት ቢልዎት፣» አለች ጃኒን፣ «ለምን አይሄዱም?»

«ፈራሁ» አለ ኤመሪ።

ዓይኑን ከሞራው ድስት ሳያነሣ ቀጠለ።

«ከሄድኩ ልትሞት ነው። እዚህ ከቆየሁ ገና 1774 ነው። ገና አልተወለደችም። ያልተወለደ ሰው አይሞትም ብዬ ነው።»

«ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ ተዋናይ ነው!» አሉ ወይዘሮ ቤርናዲን መሐረባቸውን እያወጡ።

ጃኒን ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት መጣች። «እኔስ?» አለች። «ስልኩን ይዤ ስጮህ እኔም አልተወለድኩም ነበር? አንተ እዚህ ስታስቅ እኔ የለሁም?»

ኤመሪ ዘንጉን ማንጠልጠያው ላይ አስቀመጠ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ በሆዴ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ አንተ ሰው፣ አሁን እንኳ ሻማ እንዳትነክር እላለሁ።

«አለሽ» አለ። «ኖቬምበር አሥራ ሁለት ቀን፣ ሺ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። እዚያው ሆስፒታል። ፋብሪካው ውስጥ እያለሁ ነው የነገሩኝ። ማሽኑን ሳላጠፋ ሮጥኩ። አሥራ አንድ መንገድ፣ አንድም የትራፊክ መብራት አልጠበቅሁም። ለአንቺ ሮጫለሁ፣ ጃኒን። ለእሷ ነው ያቃተኝ።»

ወይዘሮ ቲሎትሰን ደብተራቸውን ከፍተው አንድ መስመር ጻፉ። ምን እንደሚጽፉ እኔ አውቃለሁ፤ ኤመሪም ያውቃል። ሽርጡን መፍታት ጀመረ፤ ጣቱን ሞራ ስላለበሰው ቋጠሮው እምቢ አለው።

«ቆይ እስቲ፣» አሉ ወይዘሮ ቤርናዲን፣ «ያ ቀን ያንቺ ልደት አይደለም እንዴ? ይሄ ሰውዬ ከየት አወቀው?»

«አባቴ ነው፣ እማማ» አለች ጃኒን፤ ጎንበስ ብላም ቋጠሮውን ፈታችለት።