የስኮትላንድ ሽምግልና

ከሆስፒታል ሲደወልልኝ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ደዋይዋ ነርስ የጎረቤቴን ስም ጠራችና «የቅርብ ዘመዷ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ጎረቤቴ ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት የምትኖር አሮጊት ስኮትላንዳዊት ናት። ሐሙስ ዕለት የልቧ ቫልቭ ሊቀየር ነው። ምናልባት አንድ ነገር ቢደርስብሽ ለማን እንንገር ተብላ ስትጠየቅ የሰጠችው የኔን ስልክ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ፣ እሷ የግላስጎው፤ በየት በኩል እንደምንዛመድ እሱ ይወቅ። ቢሆንም «አዎ፣ ነኝ» አልኩ። ዘመዴ ናት ያለን ሰው አይደለሁም ብሎ ማሳፈር አያምርም። ስልኩን ስዘጋ ግን ተናደድኩ። ይህች ሴት የእናቷ ልጅ የሆነ ወንድም አላት። ያለውም ባሕር ማዶ አይደለም፣ እዚሁ ሜልቦርን ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ነው። ወንድም እያለ ጎረቤት ማስመዝገብ በኔ ቤት ወንድምን በቁሙ መቅበር ነው። ምስሩን ከነሰፌዱ ትቼ በትራም ሆስፒታል ሄድኩ።

«ወንድምሽስ?» አልኳት ገና ሳልቀመጥ።

«ወንድም የለኝም።»

«ሞተ እንዴ?»

«ለኔ ሞቷል።»

«እንግዲያው አድራሻውን ስጪኝ፣ አበባ ላስቀምጥለት» አልኳት። ተቆጣች። ስጨቀጭቃት ግን የመንገዱን ስምና የቤቱን ቁጥር አንዴም ሳትደናቀፍ በቃሏ ወጣችው።

ምን እንዳጣላቸው ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ጠቡ የከረረው በሯ ላይ፣ ዓይኔ እያየ ነው። በፈረንጆቹ 2014፣ ስኮትላንድ ከብሪታንያ ወጥታ ራሷን የቻለች ሀገር ትሁን ወይስ አትሁን ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀ። ጎረቤቴ ትሁን ባይ ነበረች፣ ወንድሟ አትሁን ባይ። እሷ ነፃነት ትለዋለች፣ እሱ መገንጠል ይለዋል። እሑድ እሑድ ለምሳ ሲመጣ የሚጯጯሁት እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ እዚያው ስኮትላንድ የሚኖሩት ብቻ ናቸው፤ ሜልቦርን ያረጁት እነዚህ ሁለቱ አንዳቸውም መምረጥ አይችሉም ነበር። በዚህ ስቄባቸው አውቃለሁ። ከዚያ የራሳችንን ሰዎች አስታወስኩና ተውኩ። እኛም ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመን ስንቱን መንግሥት ሾመን ስንቱን አውርደናል።

«አትሁን» ያሉት በለጡ። በሚቀጥለው እሑድ ወንድምየው ኬክ ይዞ መጣ። ኬኩ ላይ ትንሽ የብሪታንያ ባንዲራ ተሰክታለች። ለቀልድ ብሎ ነው፤ ግን ለቅሶ ቤት ቀልድ ተይዞ አይገባም። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት፣ ኬኩ ኮሪደሩ ላይ ተፈጠፈጠ፣ የጠረግኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም።

እኔ ገለልተኛ ነኝ አልልም። መለያየት አልወድም፣ አልደብቅምም። ግን ይህችን ሴት ስንት ዓመት ሳዳምጣት ክርክሯ ውኃ የሚያነሳ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «የምንመርጠው ሌላ፣ ለንደን ሆኖ የሚገዛን ሌላ» ትላለች። ለንደኖቹ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከባቸውን የሚያቆሙት ከግላስጎው አፍንጫ ሥር ነው፤ ደግ ነገር ከሆነ ለምን ከፓርላማቸው ደጅ አያቆሙትም ትላለች። ከስኮትላንድ ባሕር ተቀድቶ ለንደን ስለሚበላው ነዳጅ ስታወራኝማ ሳላስበው «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ብዬ ተረትኩ። ሞፈር ምን እንደሆነ አስረድቼ ስተረጉምላት እንዴት እንደወደደችው! በሚቀጥለው እሑድ ለወንድሟ ስትተርትበት ከኮሪደሩ ማዶ ሰማኋት። በገዛ ተረቴ የማልደግፈውን ወገን አስታጠቅኩ።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ የደወልኩት ጋሼ ለምላቸው ሰው ነው። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ በኛ ሰው ዘንድ ሽምግልና ያለ እሳቸው አይሆንም። ሀገር ቤት ቢሆን ሴት ለሽምግልና አትላክም ይባላል። እዚህ ግን ሽማግሌውም ጥቂት ስለሆነ፣ ምላስም ስላልነሳኝ፣ ጋሼ አስከትለውኝ መዞር ከጀመሩ ቆይተዋል። እስካሁን አፍረን የተመለስንበት ቤት የለም።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሳይደርስ አንድ ወንድምና እህት ልናስታርቅ ነው» አልኳቸው።

«የነማን ልጆች ናቸው?»

«የስኮትላንድ።»

«ጠባቸው በምንድን ነው?»

«በሀገር።»

«እሱስ የኛም ነው» አሉና መኪናቸውን ይዘው መጡ።

መንገድ ላይ ነገሩን ሳስረዳቸው እኛው ልንጣላ ነበር። ጋሼ የጎረቤቴን ወገን ያዙ። «ልጅ አቅም ሲያገኝ ጎጆ ይወጣል፤ ምን ነውር አለው?» አሉ። «ጎጆ የወጣ ልጅ እኮ ለፋሲካ ይመጣል፣ ሀገር ግን ጎጆ ሲወጣ አጥር ነው የሚያጥረው» አልኳቸው። «አጥሩን የሚያጥረው ክፋት ነው እንጂ መውጣቱ አይደለም» አሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አልኩ። «ድሩ ውስጥ ዝንብ ሆነሽ ብታዪው እንዲህ አትዪም» አሉኝ። ፍሪዌዩ ላይ መውጫችንን አልፈን ሄድን። ያን ጊዜ ሁለታችንም አፈርንና፣ እዚያ ስንደርስ ማን ትክክል ነው የሚለውን አፋችንን ሞልተን ላንናገር ተስማማን። ሽማግሌ የሚላከው ሊያስታርቅ እንጂ ሊፈርድ አይደለም።

ዋይንድሃም ቬል ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የሰው በር አንኳኩተን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ በመጨረሻ አገኘነው። በሩን የከፈተው ረዥም፣ ጉንጩ እንደ እህቱ የቀላ ሽማግሌ ነው። ጎረቤቷ መሆኔን ስነግረው አስታወሰኝ። ሳሎን አስገባንና ተቀመጡ አለ። አንቀመጥም አልን። የወጉን ነው ያደረግነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባልለት ቆሞ ነው የሚለምነው። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ።

«እባካችሁ፣ ተቀመጡ» አለ ደግሞ።

«አመሰግናለሁ፣ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመጣነው ስለ እህትዎ ነው።»

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። አንድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ እግሩ ከዳውና ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለ።

«መቼ?» አለ። «መቼ ሞተች?»

ለካስ መርዶ ነጋሪ መስለነዋል! ያልተጠሩ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሁለት አዛውንት ፊቱ ቆመው አንቀመጥም ሲሉ ምን ያስብ? እኛም ብንሆን መርዶ የሚነገረን እንዲሁ ነው። «አልሞተችም! አልሞተችም!» እያልን ተረባርበን አነሣነው፣ ውኃ አጠጣሁት፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው ነገርኩት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። በውስጤ ግን ደስ ብሎኛል። ሞተች ብሎ እንዲህ የሚወድቅ ወንድም ግማሹን ታርቋል።

ድንጋጤው ሲለቀው ቁጣው መጣ። «እናንተን ምን አገባችሁ?» አለ። ጋሼ የተቆጣን ሰው አያቋርጡም። ሰውየው የሆዱን ሁሉ አራገፈው። እናታቸው እንግሊዛዊት ነበረች፣ የተቀበረችውም ካርላይል፣ ከድንበሩ ወዲያ በእንግሊዝ በኩል ነው። «እናቴ የውጭ ሀገር ሰው ልትሆንብኝ ነው ወይ? ያልኩት ይኼን ነው» አለ። ፓውንዱን አነሣ፣ ጡረታውን አነሣ፣ ንግዱ አብዛኛው ከእንግሊዝ ጋር መሆኑን አነሣ። «ደግሞስ» አለ፣ «አውሮፓ ኅብረት ውስጥ መቆየት ከፈለጋችሁ ብሪታንያ ውስጥ ቆዩ ሲሉን አምኛቸው ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዝ ከአውሮፓ እንውጣ አለች። ስኮትላንድ እንቆይ ብላ መረጠች፣ ጎትተው አወጧት። ተሞኘሁ። ዛሬ ቢጠይቁኝ ነፃነት ነው የምለው።»

ጋሼና እኔ ተያየን።

«ይኼን ለእህትዎ ነግረዋታል?» አልኩት።

«በሩን ዘግታብኝ?»

እኔ ደግሞ እሱ የማያውቀውን አውቃለሁ። ጎረቤቴ ያንኑ ከአውሮፓ የመውጣት ጣጣ በቴሌቪዥን ስትከታተል ከርማ፣ «የአርባ ምናምን ዓመት ጋብቻ ማፍረስ ይህን ያህል ካንገላታ፣ የሦስት መቶ ዓመቱ እንዴት ሊሆን ነው?» ብላኛለች። እሷ ወደሱ፣ እሱ ወደሷ ሲሄዱ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። አልነገርኩትም። ሽማግሌ ወሬ አያመላልስም።

«ለመሆኑ አንቺ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ባይጠይቀኝ ይሻለው ነበር። ታላቅ እህቴ አስመራ ነው ያገባችው። ኤርትራ ነፃ ስትወጣ እዚያው ቀረች፣ እናቴ ደሴ። የሁለቱ ሀገር ጦርነት ከመጣ ወዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል አልተቻለም፤ ከአውስትራሊያ ግን ለሁለቱም ይደወላል። ስለዚህ እኔ ሜልቦርን ቁጭ ብዬ ሁለት ስልክ አፍና ጆሮ ገጥሜ እናትና ልጅ አገናኝ ነበር። እናቴ «ድምፅዋ ራቀብኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ስትሞትም ለእህቴ መርዶውን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ በዚያው ስልክ። አልቀበረቻትም።

«ማን ትክክል ነበር ብለው አይጠይቁኝ» አልኩት። «የአስመራው ወገን ምክንያት ነበረው፣ የኛም ነበረው። እናቴንና እህቴን ያለያያቸው ግን ሁለት መንግሥትና አንድ ጦርነት ነው። እርስዎን ማን ከለከለዎት? ባቡር እንደሆነ ከደጅዎ ይነሣል።»

እኔና ጋሼ እስካሁን እንደቆምን ነን።

«አስብበታለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አንቀመጥም» አሉ ጋሼ።

እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ፣ እመጣለሁ! አሁን በፈጣሪ ተቀመጡ» አለ። ተቀመጥን።

ሐሙስ ጠዋት መጣ። እጁን ኪሱ ከቶ አልጋዋ ግርጌ ቆመ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም እንደለመድኩት «በሉ፣ ተሳሳሙ» አልኩ። ልብሳችሁን አውልቁ ያልኳቸው ይመስል ሁለቱም ደነገጡ። ያኔ ፈራሁ። ሰዓቱ ደርሷል፤ እንዲህ ጀርባ እንደተሰጣጡ ወስደዋት ባትመለስስ?

እሱ ወለሉን እያየ፣ «ትክክል ነበርሽ። ነፃ መውጣት አለብን» አለ።

ዞር አለች። «አሁን? ገና አሁን? ድንበሩስ? ካርላይል ለእናታችን አበባ ልታስቀምጥ ስትሄድ ፓስፖርት ልታሳይ ነው?»

«አንቺ ነሽ ይኼን የምትዪው?»

«እኔ ነኝ! ፓውንዱንስ ምን ልታደርገው ነው?»

«ኖርዌይ ያደረገችውን! የራሳችንን ገንዘብ እናትማለን!»

«ኖርዌይ እንደኛ ሦስት መቶ ዓመት ከማን ጋር ተዋሕዳ ነበረች?»

«ከዴንማርክ ጋር! ከሦስት መቶም በላይ!»

ጋሼ የስኮቶቹ እንግሊዝኛ ፈጥኖባቸው «ታረቁ ወይስ ባሰባቸው?» አሉኝ በጆሮዬ። «ታረቁ» አልኳቸው። አልጋዋን የሚገፋው ሰው መጥቶ ሲወስዳት እንኳ አላቆሙም። እሷ ጣቷን ትቀስርበታለች፣ እሱ ከጎኗ እየተራመደ ይመልስላታል፤ ሊፍቱ ሲዘጋ ነው ድምፃቸው የተቆረጠው።

ቀዶ ሕክምናው ረዘመ። ያ ረዥም ሰውዬ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ፣ «የመጨረሻ ቃሌ ስለ ዴንማርክ ሆኖ ቢቀርስ?» አለኝ። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፣ ብዙ ሰው ሸኝቻለሁ፣ ሳይነጋገር የቀረውንም አይቻለሁ። «ተነጋግራችኋል፣ እሱ ይበቃል» አልኩት። እኔም ግን እንደሱ ፈርቼ ነበር።

በማግሥቱ ገባን። ፊቷ ከአንሶላው አይለይም፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተሰክቷል፣ ሰውነቷ የሕፃን ያህል አንሷል። ወንድሟ እጇን ያዘና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አንቺ ነሽ ትክክል» አላት። «ስለ ድንበሩም፣ ስለ ገንዘቡም። ሁሉም እንዳልሽው ይሁን። ከእንግዲህ አልከራከርሽም።»

ዓይኗን ገለጠች። ድምፅዋ ተሰነጣጥቆ ነበርና ለመስማት ጎንበስ አልን።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለችው። «ተሟገተኝ!»

አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ከፓውንዱ ጀመረ።