የሥራነሽ እርግማንና የዳማ ወገብ

አንለይ ዱር ቤቴ ብሎ ሲወጣ ለሚስቱ ለሥራነሽ አደራ ያለው ልጅ አልነበረም፤ አልወለዱም። በሬዎቹንም አይደለም፤ እነሱን ጣሊያን አስቀድሞ ለምሽጉ ወጥ ነድቷቸዋል። አደራ ያለው ውሻውን ነው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከደጃፉ ዞር አለና፣ «ስመለስ ዳማን በሕይወት ላገኛት ነው» አላት፤ «አለዚያ ማን እንደ ገደላት አላጣውም።» ሌላው አርበኛ ሚስቱን ምን ብሎ እንደ ተሰናበተ አይታወቅም፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ሳይል ግን አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ምክንያት ነበረው። ሥራነሽና ዳማ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ከአማኑኤል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ጎረቤት የሚነቃው ዶሮ ሲጮህ ሳይሆን ሥራነሽ ውሻዋን ስትራገም ነው። አንለይ ከገበታው እየቆረሰ ዳማን ያጎርሳል፤ ሥራነሽ ትራገማለች፤ አንለይ ይስቃል። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ መጥፎ ትዳርም አልነበረም።

እሱ በሄደ በዓመቱ፣ በመስከረም አንድ ጠዋት፣ ዳማ አፍንጫዋን የቅቤ ቅሉ ውስጥ ከትታ ተገኘች። ከአንዲት ላም ያን ያህል ቅቤ ለማጠራቀም ምን ያህል እንደ ናጠች ሥራነሽና ክንዷ ያውቃሉ። ማማሰያዋን ይዛ እስከ መንገዱ ድረስ አባረረቻትና፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ወገብሽን ይስበረው!» አለች።

ቃሉ ካፏ ሳይርቅ የጣሊያን ካሚዮን ከመታጠፊያው ብቅ አለ።

ካሚዮኑ አልቆመም። ዳማ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ለመውጣት በፊት እግሮቿ ትቧጥጣለች፤ ከወገቧ በታች ያለው አካሏ ግን የሌላ ውሻ ይመስል ዝም ብሏል። ሥራነሽ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ ያዘነችው ለውሻዋ አልነበረም፤ ለራሷ ነበር። አንለይ ተመልሶ «ማን ሰበራት?» ቢል፣ «መኪና» ብትለው ያምናታል? መንደሩ ቢጠየቅም የሚመሰክረው የሰማውን ነው።

«ገደል ክተቻት፤ ጅብ ይገላግላታል» አሏት ጎረቤቶቿ። በአገሩ ልማድ ደግ ምክር ነበር። ሥራነሽ ግን ውሻዋን በባና ጠቅልላ፣ እየተነከሰች፣ ተሸክማት ገባች።

ወጌሻው አያ ታረቀኝ ተለምነው መጡ፤ ታማሚዋን ሲያዩ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሰው የማሽበትን እጅ በውሻ ላሳድፈው? ከዚያ ወዲያ ማን ክንዱን ይሰጠኛል?»

«ይንገሩኝ ብቻ፣ አያ ታረቀኝ። እጁ የእኔ ይሁን።»

አያ ታረቀኝ ጀርባቸውን ለዳማ ሰጥተው ተቀመጡና «ለጥጃ ቢሆን ኖሮ» እያሉ ነገሯት። ለጥጃ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ፈጽሞ አይነቀነቅም። ገለባ ላይ ይተኛል፤ ጎኑ እንዳይቆስል ቀስ እየተባለ ይገላበጣል። ሽንቱ እምቢ ካለ ሆዱን በመዳፍ ጫን ማድረግ ነው። እብጠቱ ሲተው እግሮቹን በቅቤ እያሹ ማጠፍ፣ መዘርጋት። «ዝም ብሎ የተኛ እግር መሄድ ይረሳል» አሉና ተነሡ። «ለጥጃ ነው ታዲያ።»

«አዎ፣ ለጥጃ ነው» አለች ሥራነሽ።

ቅቤውም አላስቸገረም። ውሻ አፉን የከተተበት ቅቤ ለሰው አይሆንም፤ ስለዚህ ዳማ የሰረቀችውን ቅቤ እስከ ቅሉ ግርጌ ድረስ ጨረሰችው፤ በአፏ ሳይሆን በእግሮቿ።

በዚህ መካከል መንደሩ ሥራ አልፈታም። የሥራነሽ ቃል መሬት ጠብ አይልም ተባለ። ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን ሽሮ ይዛ መጣችና፣ «እስቲ እህቴ፣ ያን የምሽጉን አለቃ አንዴ ብቻ ‹ወገብህን› በይልን» አለቻት። ሌላው ምሽጉ በጅምላ እንዲረገም ፈለገ። አንዱ ደግሞ ጣሊያኑ ይቆየኝ፣ በመጀመሪያ ድንበሬን የገፋው ወንድሜ ይቅደም አለ። «አፌ ቢሠራ ኖሮ ጣሊያን ማይጨውን መች ያልፍ ነበር!» እያለች ታባርራቸዋለች። ለነፍስ አባቷ ግን እያለቀሰች ተናዘዘች።

«እኔ ነኝ አባቴ። በአፌ ነው የሰበርኳት።»

«እንግዲያው በእጅሽ ጠግኛት» አሏት። እሷ ስግደት ቢያዝዙላት ትመርጥ ነበር።

ዳማ ከገለባው የምትነሣበት ጊዜ ሲደርስ ሥራነሽ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች፤ በዳማ ሆድ ሥር አሳልፋ ኋላዋን ወደ ላይ ያዘችላት። የፊት እግሮቿ ይራመዳሉ፤ የኋላዎቹ ይጎተታሉ፤ ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ትከተላለች። ወንዝ ወርደው ውሃው ሆዷን ሲሸከምላት እግሮቿ እንደ መቅዘፍ ይሉ ጀመር። ሴት መቀነቷን ለውሻ ስታስታጥቅ ያየ መንገደኛ ሁሉ ያማትባል። ሥራነሽ አታየውም፤ እሷ የምታወራው ከዳማ ጋር ነው። አንለይን ታማላታለች፣ የጣሊያንን ነገር ትነግራታለች፣ ትሰድባታለች፤ ከወገቧ በቀር የማትራገመው አካል የለም። ወድዳት ነበር። ቢጠይቋት ግን ምላ ትክዳለች።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዳማ ያለ መቀነት ቆመች። ኋላዋ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ እየተንገዳገደ፣ ሄደች።

በሳምንቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ግቢዋ ገቡ። አያ ታረቀኝ አሉ፣ ወለተ ኪዳን አለች፣ የነፍስ አባቷ አሉ። ከአንለይ ጋር ዱር የገባው ውበቱ ከሁሉም ኋላ ነበርና አላየችውም።

«ደግሞ ማንን ልታስረግሙኝ ነው በጠዋቱ? እርግማን ትቻለሁ!» አለችና ሳቀች። «ይልቅ ይህን እዩ!» ዳማን ጠራች፤ ዳማም እየተንገዳገደች መጣች። «ትሄዳለች! አያ ታረቀኝ፣ ጥጃዎን ይዩልኝ! አንለይ ሲመጣ ሁላችሁም ትመሰክሩልኛላችሁ።»

አያ ታረቀኝ ጎንበስ ብለው በዚያ በሚሰስቱለት እጃቸው የዳማን ራስ ዳሰሱ። ያን ጊዜ ሥራነሽ ገባት። በጎሕ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው መርዶ ነው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ውበቱን ከመደቡ አስቀምጣ፣ «ስለ ዳማ ምን ይል ነበር?» አለችው። ሌላ ሚስት ሌላ ነገር ትጠይቅ ነበር።

«‹እስካሁን ገድላታለች› ይልና ይስቃል።»

«አደራውስ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ለውሻዋ ብዬ መሰለህ? ሥራነሽ የምትቆጣው ካጣች ዝም ትላለች፤ ዝም ካለች ትሞትብኛለች› አለኝ።»

ሥራነሽ ዝም አለች። ለቀስተኛው ጠበቃት። ምንም አልወጣትም፤ ያን አፍ የሚያውቁ ሁሉ ፈሩ።

ድንገት ከጓዳ የቅቤ ቅል ሲንከባለል ተሰማ።

ሥራነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተነሣች፣ ማማሰያዋን አነሣች። «አንቺ ሌባ!» አለች፤ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ረገመቻት። ወገቧን ብቻ ዘለለች። ውበቱ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።